የአንዋር እንቁላል

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታረደው ዶሮ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የሚታረደው የልጅ ምሳ ነው። በልጅነታችሁ «ሂዱ ውጭ ተጫወቱ» ተብላችሁ ከማዕድ ያልተባረራችሁ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆናችሁ እንግዳው ምን እንደሚያስተርፍ ያልጠበቃችሁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ይህን ነገር ጨዋነት ይሉታል። እኔ ስም አላወጣሁለትም፤ ዝም ብዬ እናደድበታለሁ።

ቡታጅራ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ ከስብሰባ ወጥቶ ግምገማ፣ ከግምገማ ወጥቶ ስብሰባ የሚገባበት ዘመን። እናቶቹ ልጆቻቸውን ጠዋት ለእኔ ጥለው ገበያ ይውላሉ፤ ምሳውን በየተራ ያመጣሉ፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። በኋላ እንቁላል ተጨመረ። እሱን ለማስጨመር ያየሁትን አበሳ ተዉት፤ እንሴኖ ገበያ ወርዶ የሚሸጥ እንቁላል ለሦስት ዓመት ልጅ ማብላት ቅብጠት የሚመስላቸው ሞልተው ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ አንጀቴን የሚበላው አንዋር ነበር። ክንዱን በሁለት ጣቴ ከብቤ እይዘዋለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቱን፣ የሚያስፈልገው ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም ብላ መልሳታለች። ያን ሰሞን ገና እንቁላል መልመዱ ነው። አያቱ ጋሽ ከማል ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እህል ነጋዴ፣ ቤታቸው እንግዳ የማይታጣበት ደግ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሕፃናት አመጋገብ ሊጎበኙ! ጋሽ ከማል በጠዋት ከተፍ አሉና፣ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ፣ እንቁላሉና አይቡ ለእንግዶች ይቀመጥ፣ ልጆቹ ለዛሬ ቆጮውን በጎመን ይብሉ አሉኝ። ለዛሬ! ይቺ «ለዛሬ» የምትባል ነገር ስንቱን ልጅ እንዳቀጨጨች።

«ጋሽ ከማል፣ ልጆቹ ይበላሉ። እንግዶቹ ከተረፈ።»

«አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው?»

እሱን እርስዎ ያውቃሉ አልኳቸው። አፌ መቼም አያርፍ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ከበው እየበሉ ነበር። እንግዶቹን የልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። መሪያቸው ስለ ተመጣጠነ ምግብ ንግግር ጀመሩ፤ ዓይናቸው ግን ከአይቡ ላይ አልነሳ አለ። ይሄኔ አንዋር ብድግ አለ። ግማሽ እንቁላሉን ይዞ ሄደና ወደ ሰውዬው አፍ ዘረጋው። ማን አስተማረው እንዳትሉኝ፤ ሁላችንም ነን። ሰውዬውም፣ አያድርስ ነው፣ አፋቸውን ከፈቱ።

እጄን በመሃል አስገባሁ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ የልጁ ነው።»

እንቁላሉን መልሼ ለአንዋር አጎረስኩት። ጋሽ ከማል ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

በሳምንቱ ተገመገምኩ። እንግዳ አዋርደሻል፣ ከተማውን አሰድበሻል፣ በይ ጥፋትሽን አምነሽ ሁለተኛ አይለምደኝም በይ ተባልኩ። ይለምደኛል አልኩ። ልታነሱኝ ከሆነ አንሱኝ፤ እዚያ እስካለሁ ድረስ ግን ቀድሞ የሚበላው ልጅ ነው። ጋሽ ከማል እጃቸውን አወጡ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ወላሂ፣ አንዱም ሲበላ አይቼ አላውቅም።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ግምገማው በዚሁ አበቃ። ከቦታዬ ባልነሳም «ለእንግዳ ክብር የላትም» የሚለው ስም ተለጠፈብኝ፤ ይለጠፍ። አንዋርም ከዚያ ወዲህ እንቁላሉን ለእንግዳ መዘርጋት ተወ፤ ሰው ሲመጣ እንዲያውም ሳህኑን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ባለጌ አደረግሽው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የዚያ ባለጌ ክንድ በሁለት ጣቴ አልያዝ አለኝ።