የአንድ መንጋጋ ዓመታዊ ዕቅድ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። በየካ ክፍለ ከተማ ይህን ምሳሌ ከአቶ ለይኩን በላይ የተረዳ ሰው አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮ ከሆነም ገና አልጸደቀም። አቶ ለይኩን በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብንጠራ ሌሎቹ «እኛስ ከማን አንሰን?» ብለው ይቀየማሉና ይቅር። በአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎታቸው ያልታቀደ ሥራ ሠርተው አያውቁም። የታቀደውንም ቢሆን እምብዛም አልሠሩም፤ ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል።

የእኚህ ሰው የቀኝ መንጋጋ በግንቦት አጋማሽ ያለ አንዳች ዕቅድ መታመም ጀመረ። ያመማቸው ከሁሉም ኋላ የሚበቅለው የመጨረሻው ጥርስ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከሾላ ገበያ ያመጡላቸውን ቅርንፉድ ሲነክሱ ሰባት ቀን ሰነበቱ። በስምንተኛው ቀን ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ሊደፈን ሲቃረብ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ክንዳቸውን ይዘው ወሰን አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ወሰዷቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ነአምን ነገር ማርዘም አትወድም። ራጁን አየችና ተናገረች።

«ጥርሱ ተጋድሞ ነው የበቀለው። ድድዎን ትንሽ ከፍተን እናወጣዋለን። አሁን አመርቅዟልና መጀመሪያ ይህን መድኃኒት ይጨርሱ። ግን ደግሞ አያቆዩት፤ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ቀልድ የለም።»

«ያማል?»

«መርፌ እንወጋዎታለን፤ ከዚያ በኋላ አያምም።»

መርፌ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቶ ለይኩን የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ዶክተሯ አየቻቸው።

«እንዲህ ከፈሩ ሙሉ በሙሉ እናስተኛዎታለን። እንደዚያ ከሆነ ግን ጾመው ነው የሚመጡት፤ አስታማሚም ይዘው።»

ቀጥላ ዋጋውን ዘረዘረችላቸው፤ የራጁን ለብቻ፣ የቀዶ ሕክምናውን ለብቻ፣ የማስተኛውን ለብቻ። ክትትሉ ከክፍያው ውስጥ የሚታሰብ መሆኑን፣ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ አስቀድማ እንደምትነግራቸውም ጨመረች። በመጨረሻም ሁሉንም ነገር የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠቻቸው።

«ይህን ያንብቡት፤ ከዚህ የቀረ ነገር የለም» አለቻቸው።

አቶ ለይኩን ወረቀት ያከብራሉ። ስለሚያከብሩም አላነበቡትም። ቢሮ እንደገቡ ቀንና ቁጥር ሰጡት፣ «ለመረጃነት ከፋይል ጋር ይያያዝ» ብለው መሩበትና ፈርመው ለሰርክ ሰጧት። ሰርክ የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በኮንትራት። ከጽዳቱ ጎን ለጎን ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ደብዳቤ የምታመላልሰውም እሷ ናት። ወረቀቱን በአንድ እጇ ተቀብላ፣ በሌላው እጇ ጉንጯን ደግፋ ወረደች። ጉንጯን ምን እንደነካው የጠየቃት ሰው አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ ለቋሚ ሠራተኞቹ የሕክምና ወጪ ይሸፍናል። ስለዚህ ነገሩ የግዢ ክፍሉ ረዳ ዘንድ ደረሰ። ረዳ መመሪያ በቃሉ የሚወጣ፣ ከመመሪያ ውጭ ግን መንገድ የማይሻገር ሰው ነው።

«ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል» አላቸው።

«ለጥርስ?»

«ለአገልግሎት ግዢ። ጥርሱ የእርስዎ ነው፤ መንቀሉ ግን አገልግሎት ነው።»

«ዶክተሯ ዋጋውን ነግራኛለች እኮ!»

«አንድ ዋጋ ዋጋ አይባልም፤ ወሬ ነው። ሦስት ሲሞላ ነው ዋጋ የሚሆን።»

አቶ ለይኩን ጉንጫቸውን ይዘው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው አይፈርድ፣ አንድ እንጨት አይነድ በሚል ጥበብም በዚያው ዕለት «የጥርስ ቅድመ ቀዶ ሕክምና ዝግጅት ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ባለ ጥርሱ ራሳቸው ሆኑ። ረዳ ጸሐፊ ሆነ፤ ከሒሳብ ክፍል ዶርቃ ተመረጠች፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ስብሰባና ሻይ ባለበት ስለማይጠፉ አባል ተደረጉ። በዓመታዊ ዕቅዱ ላይም አንድ መስመር ተጨመረ፤ «የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጥርስ ማስነቀል፣ ብዛት አንድ፣ የማጠናቀቂያ ጊዜ ሰኔ ሠላሳ።»

ፖስታውን ይዛ ሦስት ክሊኒክ የዞረችው ሰርክ ናት። ፖስታዎቹ በኮሚቴው ፊት ሲከፈቱ የዶክተር ነአምን ሁሉንም ዘርዝሮ ይዟል። ሁለተኛው አነስ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን «ማደንዘዣ በደንበኛው ይቀርባል» ይላል። ሦስተኛው «ሁለት ላስነቀለ አንዱን በነጻ» የሚል ነበር። ኮሚቴው በሦስተኛው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተወያየ፤ አቶ ለይኩንም ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ሲሉ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ይጨምሩ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ተጠየቁ። ጊዜ ይሰጠኝ አሉ። ከሦስት ሳምንት ግምገማ በኋላ ዶክተር ነአምን አሸነፈች፤ መጀመሪያ በነገረቻቸው ዋጋ።

መድኃኒቱ በዚህ መካከል አለቀ። ጉንጫቸው ጎድሎ የነበረው እንደገና ሞላ። ሌሊት ሌሊት አቶ ለይኩን ትራስ ነክሰው ያቃስታሉ፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥም «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሂድና አስነቅለው! ሰው እንዴት በገዛ ጥርሱ ላይ ስብሰባ ይጠራል?» ይሏቸዋል። ወይዘሮዋ የቤት እመቤት ስለሆኑ የአሠራር ሥርዓት አይገባቸውም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ የምክክር መድረክ። ቢሮ ውስጥ ሐሳብ አይፈስም ተብሎ እንጦጦ ላይ፣ ከፓርኩ አቅራቢያ ባለ አዳራሽ ተዘጋጀ። የሰኔ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። አቶ ለይኩን ለመክፈቻ ንግግር አፋቸውን ሲከፍቱ የእንጦጦ ብርድ ቀጥ ብሎ ጥርሳቸው ውስጥ ገባ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ተሳታፊውም የሰብሳቢው ልብ በመድረኩ ዓላማ የተነካ መስሎት አጨበጨበ።

የዕለቱ ዋና አጀንዳ «ጾመው ይምጡ» የሚለው የሐኪሟ ቃል ነበር።

«ይህ ግልጽ ነው» አለ ረዳ። «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤና እንቁላል የለም።»

ዶርቃ እጇን አወጣች። ዶርቃ ጴንጤ ናት። «እኛ ጋ ጾም ማለት ምንም አለመቅመስ ነው፤ ምግብ የሚባል ነገር የለም። ሐኪሟም ያንን ማለቷ ይመስለኛል።»

«እሱ የእናንተ ሥርዓት ነው፤ እናከብረዋለን» አሉ ሰብሳቢው።

ከሁለቱ የሻይ አባላት አንዱ ብስኩቱን ዋጠና «የእኛም ቢሆን ሰዓት አለው እኮ። እስከ ስድስት፣ የጠነከረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀመስም» አለ።

ረዳ ፈገግ አለ። «በሽተኛ በሰዓት አይገደድም። አቶ ለይኩን በሽተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም? ካልሆኑ ምን ሊሠሩ ክሊኒክ ይሄዳሉ? ከሆኑ ደግሞ ጠዋት መብላት ይችላሉ፤ የጾም ምግብ እስከሆነ ድረስ።»

ይህንንም ሊቅነት ራሱ በቃለ ጉባኤው መዘገበው።

«ለምን ደውለን አንጠይቃትም?» አለች ዶርቃ።

«ኮሚቴ የያዘው ጉዳይ በስልክ አይታይም» ተባለች። ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለአንድ። የዶርቃ ሐሳብ «የልዩነት ሐሳብ» ተብሎ በቃለ ጉባኤው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ሰፈረ።

በሰኔ የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት አቶ ለይኩን በውሳኔው መሠረት ሽሮ አዘዙ።

«የሰኔን ጾም በዕድሜህ ጾመህ አታውቅ፤ ዛሬ ምን ተገኘ?» አሏቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

«የሕክምና ጾም ነው። ቅቤ እንዳታስገቢበት!»

አቅም እንዲሆናቸው አንድ ትሪ ሽሮ በግራ መንጋጋቸው ጨረሱ። ከዚያ ወይዘሮዋን አስታማሚ አድርገው፣ ቃለ ጉባኤውን በብብታቸው ይዘው ክሊኒክ ደረሱ። ነርሷ የደም ግፊታቸውን እየለካች ጠየቀቻቸው።

«ጾመው ነው የመጡት?»

«በሚገባ!»

«መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?»

አቶ ለይኩን ሰዓታቸውን አዩ። «ከአርባ ደቂቃ በፊት።»

ነርሷ መለካቷን አቆመች። «ምን በሉ?»

«ሽሮ። በዘይት ብቻ የተሠራ» አሉ ኩራት በተሞላ ድምፅ።

ዶክተር ነአምን ተጠርታ መጣች። «ጋሼ፣ ሆድዎ ውስጥ ምግብ እያለ ካስተኛንዎት ወደ ሳንባዎ ገብቶ ሊያንቅዎ ይችላል። ዛሬ አልችልም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ! ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ውኃም እንዳይቀምሱ ይላል።»

«ወረቀቱ ፋይል ሆኗል።»

ዶክተሯ ጉንጫቸውን ዳሰሰች፤ ፊቷ ጠቆረ። «እብጠቱ እየወረደ ነው። ባይቆይ ጥሩ ነው። በመርፌ ብቻ ከሆነ አሁኑኑ እሠራልዎታለሁ፤ ለእሱ መብላትዎ ችግር የለውም። ግማሽ ሰዓት ነው።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ እጃቸውን ያዙ። «እሺ በላት፣ በሞቴ!»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ አቶ ለይኩን የፈሩት መርፌውን ብቻ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የተዘጋጁትም ምናልባት ከፍርሃት ነው። ግን በሰው ፊት ፈራሁ ማለት ለአንድ ኃላፊ አይመጥንም።

«መርፌ በዕቅዱ አልተያዘም» አሉና ተነሡ። ቀጣዩ የማስተኛ ቀጠሮ ለሐምሌ ተቆረጠ።

ኮሚቴው በማግስቱ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሰኔ ሠላሳ ተቃርቧል፤ በጀቱ ሊዘጋ ነው። በዕቅዱ አንድ ጥርስ አለ፤ በክንውኑ የለም።

«ዜሮ ከሆነ ዜሮ ብለን እንጻፍ» አለች ዶርቃ። በዚህ መካከል ከበሩ አጠገብ የሚቆረጠም ነገር ድምፅ ተሰማ። ሰርክ ናት፤ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆሎ ትበላለች።

«አንቺን ጥርስሽን አሞሽ አልነበር እንዴ?» አላት ረዳ።

«ወጣልኝ እኮ! ለፕሮፎርማው የላካችሁኝ ቀን ዶክተሯን ጠየቅኳት። ዋጋውን ነገረችኝ፤ ካቃተሽ በሁለት ጊዜ ክፈይ አለችኝ። ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ሄድኩ፤ መርፌ ወጋችኝ፣ አወጣችው። ሰኞ ሥራ ገባሁ።»

ረዳ ቀስ ብሎ ወደ ዶርቃ ዞረ። «ዕቅዱ የማን ጥርስ ይላል?»

«የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጥርስ ይላል። ግን ሰርክ ኮንትራት ናት፤ የሕክምና ወጪ ስትጠይቅ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አይደለሽም ያልካት አንተ ራስህ ነህ።»

«ለወጪ አይደለችም» አለ ረዳ። «ለሪፖርት ግን ናት።»

ሰኔ ሠላሳ ቀን ሪፖርቱ በአዳራሽ ተነበበ። ዕቅድ፣ አንድ ጥርስ። ክንውን፣ አንድ ጥርስ። አፈጻጸም፣ መቶ በመቶ፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ኮሚቴው የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ እብጠቱ አንገታቸው ድረስ የወረደው ሰብሳቢም አፋቸው አልከፈት ስላለ በእጃቸው አመሰገኑ። የአንገቱን ጉዳይ የሚያይ ንዑስ ኮሚቴ በሐምሌ እንዲቋቋም ረዳ ሐሳብ አቀረበ።

ሰዉ ሲበተን አቶ ለይኩን ሰርክን በጣታቸው ጠሯት። ከተጣበቀው መንጋጋቸው መሐል ቃሉ ተንፏቆ ወጣ።

«ለመሆኑ አንቺ... ያለ ኮሚቴ... እንዴት ተሳካልሽ?»

«ያ የዶክተሯ ወረቀት የለም ጋሼ? ወደ መዝገብ ቤት ስወስደው መንገድ ላይ አነበብኩታ። ምን እንደሚደረግ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ምን እንደሚበላ፣ ሁሉንም ይላል።» አንገታቸውን አየች። «ልሂድና ላምጣልዎ?»

የአቶ ለይኩን ዓይን እንባ ሞላ፤ በዚህ ጊዜ ብርድ አልነበረም። አንድ ጊዜ ራሳቸውን ሊነቀንቁ የቃጡ መሰለ። ከዚያ ኃላፊነታቸው ትዝ አላቸውና ብዕራቸውን አወጡ፤ ያልተመራላትን ሰነድ በማንበቧ ለሰርክ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉላት። ፈረሙበት፣ ማኅተም አደረጉበት፣ «ከፋይል ጋር ይያያዝ» ብለውም መሩበት።

ወደ መዝገብ ቤት የወሰደችውም ራሷ ሰርክ ናት። መንገድ ላይ አነበበችው።