ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

በአሰላ ከተማ በሚገኝ፣ ለክብሩ ስንል ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ በዕለተ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ኮምፒውተሩ ተራ ዕቃ አልነበረም። የዝውውር ደብዳቤዎች ሁሉ ሆዱ ውስጥ ናቸው፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ እታገኘሁም በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል።

ባለሙያው እንደሻው ተጠራ። እንደሻው የበቆጂ ልጅ ነው። እንደ አገሩ ልጆች ሩጫ ባይሆንለትም፣ ተማሪ ሳለ ከፈተና ክፍል ወጥቶ ሜዳ ለመድረስ የሚቀድመው አልነበረም። ባለፈው ዓርብ እዚችው ቢሮ ውስጥ፣ በዚሁ ኮምፒውተር፣ «የኮምፒውተር አነሳስና ከውድቀት የማገገም ስልት» የሚል ሥልጠና ሰጥቶ ተጨብጭቦለታል፤ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበውም እሱ ራሱ ነበር። ስለዚህ ጥቁሩ ስክሪን ላይ የወጣችውን የእንግሊዝኛ መስመር ማንበብ አላስፈለገውም። ማንበብ የጀማሪ ሥራ ነው።

«ኮምፒውተር ሲነሳ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በመጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ከዚያ የሚያስነሳውን ሲስተም ይፈልጋል። እኔ ባስተካከልኩት ቅደም ተከተል መሠረት፣ አስቀድሞ ከውጭ የተሰካበትን እንግዳ ይጠይቃል። እንግዳ ከሌለ ወደ ገዛ ሃርድ ዲስኩ ይመለሳል። ይህኛው አልተመለሰም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል።»

ኃላፊው አቶ ደመቀ ለሟቹ ክብር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን ይሻላል?»

«ፎርማት። ያለው ሁሉ ይደመሰስና እንደ አዲስ ይጫናል።»

«እንግዲያው ቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

ቃለ ጉባኤው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተያዘ።

በሩ አጠገብ መነጽር ያደረጉ አንዲት መምህርት ተቀምጠዋል። መምህርት አይናለም ከበቆጂ በማለዳው ሚኒባስ፣ በሳጉሬ በኩል የመጡ ናቸው። እናታቸው አሰላ ውስጥ ታመው አልጋ ከያዙ ወር አልፏቸዋል፤ የሚያስታምማቸው የለም። ወደ አሰላ የሚያዛውራቸውን ደብዳቤ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልወሰዱ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እንደሻው ከአገሩ የመጡ መሆናቸውን ሰምቶ እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ሁሉም ከተደመሰሰ የእኔስ ደብዳቤ?» አሉ።

«እናቴ፣ ይሄ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው።»

«ስክሪኑ ላይ ግን ምን ይላል?»

«የስህተት መልእክት ነው።»

«እሱስ ገባኝ። ምን ይላል?»

እንደሻው አነበበ። ደግሞ አነበበ። የተሰካውን ዲስክ አውጣና አንድ ቁልፍ ተጫን ይላል።

«ማን ነው ደግሞ የሰካበት?» አሉ አቶ ደመቀ ተቆጥተው።

ወይዘሮ እታገኘሁ ዳንቴሉን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ቀይ ፍላሽ ተሰክቷል፤ ላዩ ላይ በፕላስተር «እንደሻው፣ ሥልጠና» የሚል ተለጥፎበታል። ምስኪኑ ኮምፒውተር ከጠዋት ጀምሮ እንግዳውን «ሲስተም አለህ?» እያለ ሲጠይቀው ነበር የዋለው፤ እንግዳው ደግሞ ከሥልጠና ጽሑፍ በቀር የያዘው ነገር የለም።

እንደሻው አፈረ፤ ማፈርም ይገባው ነበር። ፍላሹን ነቀለና አንድ ቁልፍ ነካ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደብዳቤው ታትሞ ማኅተም ተመታበት።

አቶ ደመቀ የብልሽቱ ምክንያት ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አዘዙ። እንደሻው «ከውጭ የገባ ባዕድ አካል» ብሎ ጻፈና ከሁሉ ቀድሞ ለመውጣት ብድግ አለ።

መምህርት አይናለም ደብዳቤያቸውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው አጣጠፉት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንደሻውን አዩት።

«እንደሻው ሀይሉ፣ ዘጠነኛ ሐ» አሉ። «ያኔም ጥያቄውን ሳታነብ መልሰህ ቀድመህ ትወጣ ነበር። አይዞህ፣ ስንት ታመጣ እንደነበር ለአለቃህ አልነግራቸውም።»