ዓይን እያዩ መናገር

የዘንድሮ ተማሪ ጥናቱን ሲያቀርብ የአድማጩን ዓይን ማየት አለበት አሉ፤ ሰምታችኋል? ልጄ ራሕማ ከወልቂጤ ኮሌጅ መጥታ ጓሯችን እንሰቶቹ ፊት ቆማ ተለማመደች። ጥናቷ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ነው።

«ልጄ፣ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ፊት ለፊት ትሞታለህ ይባላል?» አልኳት።

«እማ፣ እንሰት ጆሮ የለውም! ከወደቅኩ አልመረቅም» ብላ ቀጠለች። ነፋስ ሳይኖር እንሰቶቹ እንደ አድማጭ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቀረበች፤ አልሐምዱሊላህ፣ አለፈች። ዓይን ዓይኑን ታየው የነበረው ፊተኛው እንሰት ግን በሳምንቱ ጠወለገ።

ትናንት ደግሞ ነርስነት የምትማር ጓደኛዋን ይዛ መጣች።

«እማ፣ እሷም ልትለማመድ ነው፤ ፊቷ ተቀመጪላት። ጥናቷ ስለ እናቶች ደም ግፊት ነው።»

ልጅቷ ዓይኔን ፈለገች። ሻሼን ወደ ታች ስቤ ዓይኔን ሸፈንኩ።