የኦቦ ገመዳ ማክሰኞና ሐሙስ

«በፈቃደኝነት» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ መጀመሪያ ኪሴን እዳብሳለሁ። እኛ አገር በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ጎረቤት ሳይጠየቅ የሚዘረጋ እጅ ሞልቷል። ያው እጅ ግን ፎርም ሲቀርብለት ምን እንደሚነካው እንጃ፣ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል።

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የማስተምረው ሥነ ምግባር ነው። አትሳቁ። አምና ተማሪ ቀነሰና በጀቱ ጎደለ፤ ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጉዳዩን ሳያድበሰብሱ ነገሩን፦ ወይ ስድስቱ የጽዳት ሴቶች ይሰናበታሉ፣ ወይ ሠራተኛው በፈቃዱ የሥራ ቀኑን ከነደመወዙ ይቀንሳል። ሴቶቹ ለስብሰባው አልተጠሩም፤ ያን ሰዓት ኮሪደር እየወለወሉ ነበር።

ፎርሙ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ ኋላ ጉዞ ጀመረ። የአዳማ ፀሐይ እንኳ እንደዚያ ወረቀት አላላበችንም። አንዱ ባልደረባዬ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ተረተና ሎሚውን ለጎረቤቱ አሳለፈ። ሌላዋ የቤት ኪራይዋ ትዝ አላት። እኔ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ አልኩ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ወረቀቱ ባዶውን እንደ ሄደ የመጨረሻው ወንበር ላይ ደረሰ። እዚያ የተቀመጡት የሰርቪሳችን ሾፌር ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ የቡልቡላ ሰው፣ ጡረታ ደጃፍ ላይ የቆሙ፣ ከመናገር ጥሩምባ መንፋት የሚቀላቸው። ብድግ አሉ።

«እኔ ማክሰኞንና ሐሙስን ቀንሻለሁ።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ደነገጡ። «ኦቦ ገመዳ፣ ሌላ ሾፌር የለንም እኮ! ሰርቪሱስ?»

«እሱን እናንተ የተማራችሁት ታስቡበታላችሁ።»

እሳቸውም ቀጠሉ፤ «ጠዋት መጀመሪያ የምጭነው እነዚያን ሴቶች ነው። ገና በጨለማ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። እነሱ ከሌሉ በዚያ በኩል መኪና መንዳት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ይህን ለእነሱ እንዳትነግሯቸው። ሰው ውለታ ተሸክሞ ወለል መወልወል ይከብደዋል።»

ፎርሙ ከኋላ ወደ ፊት ሲመለስ እስክሪብቶ ጠፋኝ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ሐሙሴን ሰጠሁ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሁለት ቀን ጻፉ። ከስድስቱ ሴቶች አንዷም ከሥራዋ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ሰርቪስ የለም። ዶክተሮቹ በባጃጅ፣ የጽዳት ሴቶቹ በእግር። ወር ሳይሞላ ደግሞ ወሬ መጣ፤ ኦቦ ገመዳ ለካ መቂ ላይ አይሱዙ ይዘው ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ! «አላልኳችሁም? ሽማግሌው ያለ ትርፍ አይነሣም» አለ ያ ተራች ባልደረባዬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ውስጤን ደስ አለው። የሰውየው ደግነት ትርፍ ካለበት፣ የእኔ ማመንታት ያን ያህል አያሳፍርም።

አንድ ሐሙስ መቂ ሄድኩ። ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት። ደላሎች ከሚጯጯሁበት ቦታ ስደርስ አይሱዙዎቹን የያዟቸው ጎረምሶች ናቸው። ኦቦ ገመዳ ከሽንኩርት ክምር ሥር፣ ከቀን ሠራተኞች መሀል፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የበሰበሰውንና የተፈነከተውን ከደህናው ይለያሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አካም ጂርታ፣ መምህር?» አሉኝ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቋረጠም።

«ኦቦ ገመዳ... አይሱዙ ይነዳሉ ሲሉ ሰምቼ...»

«ለሽማግሌ መሪ ማን ይሰጣል? ወሬው ግን ጥሩ ነው፤ እንዳታፈርሰው። እዚህ እንዲህ መሆኔን ካወቁ ያዝኑልኝና ቀኔን ይመልሱልኛል። ያን ጊዜ ከሥራ የሚወጣው ማን ነው?»

ጎናቸው ተቀምጬ እስከ ቀትር ሽንኩርት ስለይ አረፈድኩ። ለምን ዓይኔ እንዳነባ የጠየቀኝ የለም፤ እዚያ ሁሉም ያነባ ነበር።

ዘንድሮ ተማሪው ተመለሰ፤ የእኛም ቀን ከነደመወዙ ተመለሰልን። የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ ኦቦ ገመዳ በጠዋት መሪያቸውን ጨበጡ። የዚያኑ ዕለት ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ፣ ከስድስቱ አንዷ ወይዘሮ ዘነበች መወልወያቸውን ይዘው ገቡ።

«ኦቦ ገመዳ ዛሬ ከእንቅልፋቸው ነቁ» አሉኝ። «ሰው ለምቾቱ ብሎ ይህን ሁሉ ጊዜ እኛን በእግር ያስኬዳል? እኛ እንዲህ ብንሰንፍ አንድ ቀን ያሳድሩን ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። የስብሰባው አደራ አለብኝ፤ የመቂውም አለብኝ።

«እርጅና ነው፣ ወይዘሮ ዘነበች» አልኩ።

«እርጅናስ ለእኛም አለ! ይልቅ እግርዎን ያንሡልኝ።»

እግሬን አነሣሁ።