ልብስ ሰፊያችን ሊቀ ወገብ

በዚህ ዓለም ከታመመ ሰው ይልቅ የሚያስፈራው የዳነ ሰው ነው። የታመመው ቢበዛ ያቃስትባችኋል። የዳነው ግን ይከተላችኋል። ደረጃ ላይ ያገኛችኋል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኛችኋል፣ እንዴት እንደዳነ ከሀ እስከ ፐ ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የእኛው ልብስ ሰፊው ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ረስተነዋል፤ ሊቀ ወገብ ነው የምንላቸው።

ማዕረጉን በቀላሉ አላገኙትም። ዕድሜ ልካቸውን ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። ወገባቸው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ጭራሽ አልታዘዝም አለ። ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በግራ እግራቸው እስከ ተረከዛቸው ይወርዳል። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። መቀስ ከእጃቸው ከወደቀ ወደቀ ነው፤ ሰው እስኪመጣ ድረስ ዙሪያውን ይዞሩታል እንጂ አያነሱትም። መኪናውን የሚረግጡት ባለቤታቸው ሆኑ። ጫማቸውን የሚያስሩላቸውም ባለቤታቸው። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ስገባ ባለቤታቸው ተንበርክከው የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠሩ ነበር። ሊቀ ወገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሱሪዬን እንደያዝኩ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሐኪሙ ራጁን አይተው፣ “ቀዶ ጥገና አያስፈልግዎትም፣ የሚያስፈልግዎት እንቅስቃሴ ነው” አሏቸው። ነርስ ልጃቸው ይህን ስትሰማ አላመነታችም፤ ዮጋ ላስመዘግብህ አለቻቸው።

“ምንድን ነው እሱ ደግሞ?”

“መንጠራራት በለው፣ አባዬ።”

“መንጠራራትማ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ አለልኝ!”

ቢሆንም እየተጎተቱ ሄዱ። ቦታው የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። መምህርቷ ከልጃቸው ታንሳለች፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው። ሊቀ ወገብ በገዛ እጃቸው የሰፉትን፣ መስመሩ እንደ ምላጭ የቆመ የሱፍ ሱሪ ለብሰው ከመሃላቸው ተገኙ። “ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ሳቡ” ስትል ሌላው ሁሉ ሳበ፤ እሳቸውም ሳቡ። ሱሪው ከኋላ ተተረተረ። በሙያ ዘመናቸው ከእጃቸው የወጣ ስፌት ሲከዳ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የከዳውም ራሳቸውን። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። መምህርቷ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችባቸውና፣ “አይነሱ፤ እዚያው ተኝተው ይተንፍሱ” አለቻቸው። ይነሱ ቢባሉስ በየትኛው ሱሪ ይነሳሉ? ትምህርቱ እስኪያልቅ በጀርባቸው ተኝተው ተነፈሱ። ማታ ለባለቤታቸው፣ “የሆነ ነገር ላላ ያለልኝ መሰለኝ” አሉ።

በማግስቱ ከአሮጌ አንሶላ አበባ ያለበት ሰፊ ሱሪ ሰፍተው ቁጭ አሉ።

ፈውሱ ግን እየተንቀራፈፈ ነው የመጣው። አንዳንድ ሳምንት ይሻላቸዋል፣ አንዳንዱን እንደ ድሮው ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ። ከጎረምሳ እኩል እታጠፋለሁ ሲሉ መምህርቷ ትቆጣቸዋለች፦ “ካመመዎት ያቁሙ እንጂ! ፉክክር መሰለዎት?” ክረምት አልፎ በጋው ሲገባ፣ አንድ ጠዋት መቀሱ ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሳያስቡት ጎንበስ ብለው አነሱት። ደነገጡ። ሆን ብለው ጣሉት፤ ደግመው አነሱት። “ነይ እይኝ!” ብለው ባለቤታቸውን ጠሩና ለሦስተኛ ጊዜ ጣሉት። ባለቤታቸው ዝቅ አሉና የባላቸውን የጫማ ማሰሪያ ፈትተው፣ “እስቲ እሰረው” አሏቸው።

አሰሩት። የዚያን ቀን ሱቁ ተዘግቶ ዋለ።

የሰፈሩ መከራ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀመረ።

ድሮ ደረትና ወገብ ለክተው ይሸኙን የነበሩት ሰው፣ አሁን አቋቋም መመርመር ያዙ። አንድ ሙሽራ ሱፍ ሊያሰፋ መጣ።

“ግራ ትከሻህ ወርዷል” አሉት።

“እሱን በስፖንጅ ይሙሉልኛ፣ ጋሼ።”

“እኔ ውሸት አልሰፋም!”

ሙሽራው በትእዛዛቸው በግራና በቀኝ እጁን ዘርግቶ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ቆየብኝ ብላ ልትፈልገው የመጣችው እጮኛው በሩ ላይ ስትደርስ፣ ሊቀ ወገብ በራስጌው ቆመው፣ “ተው፣ አትታገል፣ ልቀቀው” እያሉ ነበር። ጩኸቷ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

ጠበቃ ጎረቤታችን ካፖርት ሊያሰፋ ገብቶ አንገቱን ሲያሽከረክር አመሸ፤ ከዚያ ወዲህ በሱቁ ፊት አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚገባው። እኔንማ ከመንገድ ማዶ ነው የሚይዙኝ።

“አንተ ጸሐፊው! አገጭህን ሰብስብ! ተንፍስ!”

“እየተነፈስኩ ነው፣ ጋሼ።”

“እሱ መኖር ነው፤ መተንፈስ አይባልም!”

እንግዲህ እኚህ ሰው ጋ ነው እናቴን ይዤ መሄድ የነበረብኝ። የእህቴ ሠርግ ደርሷል። እናቴ ደግሞ ጀርባዋ ከጎበጠ ቆይቷል። የምትገዛው ቀሚስ ሁሉ ከኋላ ይሰቀላል፣ ከፊት መሬት ይጠርጋል። “እኔ ቤት ሆኜ እመርቃችኋለሁ፤ ፎቶ ላይ እንዲህ ሆኜ አልቆምም” ብላ ድርቅ አለች። እህቴ ስታለቅስ ሰነበተች። አማራጭ ስላልነበረኝ ቀድሜ ሊቀ ወገብ ዘንድ ሄድኩ።

“ጋሼ፣ እባክዎ፣ እናቴን መሬት ላይ እንዳያስተኙብኝ።”

“ይዘሃቸው ና” አሉኝ።

ስንደርስ ለእናቴ ወንበር አቀረቡላት፤ አረፍ ካለች በኋላ አስነሷት። ራሳቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው መለካት ጀመሩ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፤ የኋላውን ለብቻ፣ የፊቱን ለብቻ። አንድም ስብከት የለም። እናቴ ዝናቸውን ሰምታ ኖሮ ጭንቅ አላት። ጠረጴዛውን ይዛ ለመቃናት እየታገለች፣ “ልጄ፣ ቀና ልበልልህ እንዴ?” አለቻቸው።

“የለም፣ እማማ። እንደሚመችዎ ይቁሙ። ልብሱ ነው ወደ እርስዎ መምጣት ያለበት።”

ቀሚሱ ሲደርስ እናቴ መስታወቱ ፊት ቆመች። ዞረች። እንደገና ዞረች። ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። “ፊቱም ኋላውም እኩል ነው!” አለች፤ ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆነ። እኔ ወደ ሊቀ ወገብ ጆሮ ጠጋ አልኩ፤ አፌ መቼ ያርፋል!

“ጋሼ፣ ውሸት አልሰፋም ይሉ አልነበር?”

“የቱ ጋ ነው ውሸቱ?” አሉኝ። “ጀርባቸውን ደበቅኩት?”

አየሁ። አልደበቁትም። ጉብጠቱ እንዳለ አለ፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ያለ አንዲት እጥፋት ተኝቶበታል። በሠርጉ ፎቶ ላይ እናቴ ያለችው መሃል ነው።

እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ የዮጋ አዳራሽ እሄዳለሁ። ሚስቴ ወገቤን ያመመኝ መስሏት ትጨነቃለች፤ ምንም አላመመኝም። መምህርቷ መብራቱን ቀነስ አድርጋ፣ “አሁን ማንም አይናገር፤ ሁሉም ራሱን ያዳምጥ” ስትል፣ ሊቀ ወገብ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በሹክሹክታ አጠገባቸው የተኛውን ጎረቤት ጉልበት ያርማሉ። ጎረቤታቸው ለመሆን ቀደም ብዬ ነው የምደርሰው።