የኔቪል ክራብትሪ ታርጋ ከብርማው መኪና ወደ ነጩ የተሻገረበት ዜና

ኔቪል ክራብትሪ በመስኮት ሻጮች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አለቃ ሆነው ኖረው ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ዓመት፣ ዘመነ ብርማ መኪና ሲፈጸም ዘመነ ነጭ መኪናም ሲገባ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ዝናቡ በቦልተን ከተማ ላይ እንደ ልማዱ ሲወርድ የሆነው ይህ ነው። የዚህ ዜና ጸሐፊ ያየውን ጽፏል፤ ያላየውንም ከሚስታቸው ከሞሪን ጠይቆ ጽፏል፤ ሞሪን ደግሞ ለባሏ ብላ አትዋሽም።

እኒህ ክራብትሪ፣ የጎረቤታቸውን አጥር በሜትር ለክተው አራት ጣት ያስመለሱ፣ ስለ ሾርባ ሙቀት ከአስተናጋጅ ጋር ተሟግተው የረቱ፣ በፀሐይ ቀን እንኳ የዝናብ ኮት የማይለያቸው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጨረታ የገዟት የታርጋ ቁጥር ነበረቻቸው። ስሟም ኤን ሦስት ቪ ሲ አር ይባላል። ለሌላው ሰው ሁሉ ቁጥር ናት። ለክራብትሪ ግን ስማቸው ናት፤ ሦስቷን እንደተገለበጠ የእንግሊዝኛ ኢ ፊደል ቆጥሮ፣ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ላያት ሰው ኔቪል ክራብትሪ ትላለች ብለው ያምናሉ። እስከዚህ ዘመን ድረስ አሥር እርምጃ ርቆ ዓይኑን ጨፈን ያደረገ ሰው አልተገኘም።

በዚያው ዓመት በሣር ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ የሽማግሌዎች ማኅበር ክራብትሪን ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ፤ ሌላ እጩም አልነበረም። በማኅበሩ ደጃፍ አንዲት የመኪና ማቆሚያ አለች፤ በላይዋም የእንጨት ሳንቃ ቆሟል። ከብዙ ዘመን በፊት ሁለት ሰዎች ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብለው በሜዳው መካከል ተደባድበው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በሳንቃው ላይ የሚጻፈው የሊቀ መንበሩ መኪና ቁጥር ብቻ ሆነ። በመክፈቻው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሳንቃው ሥር የቆመው መኪና ባለቤት የዓመቱን የመጀመሪያ ኳስ ያንከባልላል። ሕጉን የሚጠብቀው የማኅበሩ ጸሐፊ ኦርመሮድ ነው፤ ዕድሜው ሰማንያ ሁለት፣ ከሕጉና ከሳንቃው በቀር አጥርቶ የሚያየው ነገር የለም። ኦርመሮድም ሳንቃውን በነጭ ቀለም ቀብቶ በጥቁር ኤን ሦስት ቪ ሲ አር ብሎ ጻፈ። በዕድሜያቸው ሙሉ ከሰው መስኮት በቀር ምንም መርቀው የማያውቁት ክራብትሪ፣ ያችን ኳስ በሕልማቸው አርባ ጊዜ አንከባልለዋታል።

ከመክፈቻው በፊት በነበረው ሰኞ ክራብትሪ ነጩን መኪና ገዝተው ብርማውን ሩክሳና ቦባት ለምትባል አዋላጅ ነርስ ሸጡላት። መኪናውን እስከ ደጇ ነድተው አድርሰው፣ ቁልፉን ሰጥተው፣ ከኮታቸው ኪስ ካቻቪቴ መዝዘው፣ በዝናቡ ውስጥ ተንበርክከው የፊቱንና የኋላውን ታርጋ ብሎን በብሎን ይፈቱ ጀመር። ሩክሳናም ከደጃፏ ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አቶ ክራብትሪ፣ ምን እያደረጉ ነው? ያለ ታርጋ በምን ልሄድ ነው? ነገ ሁለት ምጥ አለብኝ እኮ!»

ክራብትሪም ሳይነሡ መልሰው አወጁ፦ «መኪናው ያንቺ ነው፣ ቁጥሩ የኔ ነው። ሱቅ ሄደሽ ሌላ አሠሪ።»

ከዚያም ሁለቱን ፕላስቲክ በገላ ፎጣ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ በአውቶቡስ ተመለሱ። ሞሪንም ከኩሽናው በር ቆማ አወጀች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ልንገርህ? መጀመሪያ ቁጥሩን በወረቀት ከመኪናው ላይ ታስነሣለህ፣ ከዚያ ትሸጣለህ። የእህቴ ባል እንደዚያ ነው ያደረገው። ፕላስቲክ ነቅለህ መምጣት ምን ይባላል? የበር ቁጥር ነቅሎ ቤቱን ይዤ መጣሁ እንደማለት እኮ ነው!» ክራብትሪ ግን የእህቷ ባል ያደረገውን ላለማድረግ ገና በሠርጋቸው ዕለት ወስነዋልና፣ ፎጣውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፣ ብርማውን መኪና መሸጣቸውን ለተሽከርካሪ መዝገብ ቤት አስታወቁ። መዝገብ ቤቱም በዚያው ቅጽበት አመስግኖ፣ ከዚህ መኪናና ከቁጥሩ ጋር ከእንግዲህ የሚያገናኝዎት የለም ብሎ አሰናበታቸው። ክራብትሪ ምስጋናውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ የቀረውን አላነበቡም።

ማክሰኞ ጠዋት ቁጥሩን በነጩ መኪና ላይ ሊያስመዘግቡ ተቀመጡ። መዝገብ ቤቱ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው አለ። ደግመው ሞከሩ። አሁንም የሌላ ሰው ነው። በዚያችው ሰዓት ሩክሳና ሰኞ ከሊብሬው ተቀድዶ ከቁልፉ ጋር የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች፤ ባለ ሱቁም ወረቀቱ ላይ ያለውን አይቶ አዲስ ታርጋ ቀረጸላት፤ ወረቀቱ ላይ ያለውም ኤን ሦስት ቪ ሲ አር ነበር። እንዲህም ሆኖ የክራብትሪ ስም በከተማው ውስጥ ምጥ ለምጥ ይዞር ጀመር፤ በክራብትሪ ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረው ግን ፎጣ የለበሰ ፕላስቲክ ነው።

ረቡዕ ክራብትሪ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ጥላ የያዘችው ሞሪን፣ በስተቀኝ፤ ብራምብል የሚባለው ውሻቸው፣ ከሆዱ በቀር ሁለመናው ያረጀ፣ በስተኋላ፤ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት፣ ማስፈረሚያ እስክሪብቶ፣ መለዋወጫ እስክሪብቶ። የሩክሳናን ደወል ሦስት ጊዜ ደወሉ። እርሷም በካልሲ ወጥታ አወጀች፦ «እኔ ቁጥሩን ምን ላደርገው? ይውሰዱት! ግን በስሜ አዲስ ሊብሬ በፖስታ እስኪመጣ ንክች ማድረግ አልችልም፤ ደውዬ ጠይቄአለሁ። ደግሞ ሰኞ ዕለት መኪናዬን ራቁቱን ጥለውልኝ ሲሄዱ ያልተቀየምኩ እንዳይመስልዎት። ብስኩቱን እዚያ ጋ ያስቀምጡት።»

ሐሙስና ዓርብ ክራብትሪ የሩክሳናን ፖስተኛ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ጠበቁ፤ ፖስተኛውም የፒዛ ማስታወቂያ አመጣ። ሞሪን ካቻቪቴውን ደበቀች፤ ያን ፕላስቲክ በነጩ መኪና ላይ ቢያስሩት ፖሊስ እንደሚይዛቸው ታውቃለችና። በመጨረሻም ክራብትሪ የሳንቃው ጽሑፍ ለጊዜው ይቀየርላቸው ዘንድ ለኦርመሮድ ስልክ ደወሉ። ኦርመሮድም በስልክ አወጀ፦ «ኔቪል፣ ሳንቃ በዓመት አንዴ ነው የሚቀባው። ቀለሙም አልቋል። አባቴ ቢነሣ አልቀይርለትም።»

ቅዳሜ ማለዳ ሩክሳና ከማኅበሩ ፊት ለፊት ካለ ቤት ተጠራች፤ አንዲት ሴት በምጥ ተይዛለች። ጎዳናው ለመክፈቻው በዓል ገና በጠዋት በመጡ መኪናዎች ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሩክሳና ሁለቴ ዞረች። በሦስተኛው አንድ ባዶ ቦታ አየች፤ በላዩም የራሷ ታርጋ ቁጥር በአዲስ ቀለም ተጽፏል። ክራብትሪ ተጸጽተው ለካሳ ያስያዙላት መሰላትና በልቧ ይቅር ብላቸው፣ አቁማ፣ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ክራብትሪ ጫማቸውን አስወልውለው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ብራምብልን ጭነው በነጩ መኪና መጡ። ኦርመሮድ በትሩን ዘርግቶ መንገድ ዘጋባቸው፦ «ጌታው፣ ተይዟል! የሊቀ መንበሩ ቦታ ነው፤ ማንበብ አትችልም?» ክራብትሪ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጮኹ፦ «ኦርመሮድ! እኔ እኮ ነኝ! ኔቪል!» ኦርመሮድም ፊታቸውን ትቶ ወደ ታርጋቸው ጎንበስ ብሎ ሌላ ቁጥር አነበበና አወጀ፦ «ኔቪልማ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነው። መኪናው ያውና። ዞር በል፣ ሰው አታስቁም!»

ክራብትሪም ዞሩ። ሦስት ጎዳና አልፈው፣ ከገበያ አዳራሹ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ አቆሙ። ዝናቡም በረታ።

በዚያን ጊዜ በማዶው ቤት ሴት ልጅ ተወለደች። ሩክሳና እጇን ታጥባ ወደ መኪናዋ ስትመለስ አርባ ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ቆመው አገኘቻቸው። ኦርመሮድ የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ እኔ ነኝ፣ አሁን አነሣዋለሁ አለች። ኦርመሮድም አወጀ፦ «አይነሣም! ሕግ ሕግ ነው። ኳሷን አንከባልዪ።» ሩክሳናም አወጀች፦ «አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት፣ አልበላሁም። ካንከባለልኩ ትለቁኛላችሁ?» ይለቅቋት ዘንድ ሁሉም በአንድ ቃል ማሉ። ትንሿን ኳስ ተቀብላ፣ ሳታልም፣ እንደ ቁልፍ ወርወር አደረገቻት። ኳሷም በርጥቡ ሣር ላይ ተንከባልላ፣ የሜዳውን ጉብታ ወጥታ፣ መካከሉ ላይ ቀጥ አለች። እንዲህ ያለ መክፈቻ በሃያ ዓመት አልታየም ተባለና ጭብጨባው ጎዳናውን ሞላው።

ክራብትሪ እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ከበሩ የደረሱት በዚያች ቅጽበት ነው። ጭብጨባውም ለእሳቸው መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ማንም አላያቸውም፤ ብራምብል እንኳ ወደ ማኅበሩ የብስኩት ጠረጴዛ ሄዶ ነበር።

በተከታዩ ማክሰኞ ሊብሬው ደረሰ። ሩክሳና ከምሳዋ የተረፈውን በአንድ እጇ እየበላች፣ በሌላው ስልኳን ነክታ፣ በአሥር ደቂቃ ቁጥሩን ከብርማው ወደ ነጩ መኪና አዛውራ አስረከበቻቸው። ክራብትሪም ታርጋውን ከፎጣው አውጥተው፣ ሞሪንም ካቻቪቴውን መልሳላቸው፣ ስምንቱን ብሎን በነጩ መኪና ላይ አሰሩ። አሥር እርምጃ ራቅ ብለውም ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሄደው የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አስገለጡ። ኦርመሮድ በሕጉ መሠረት ስም አልጻፈም፤ የጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ የዘንድሮውን ጨዋታ ኤን ሦስት ቪ ሲ አር ከፍቷል፤ አከፋፈቱም እጅግ የተዋጣ ነበር። ክራብትሪ ይህን አንብበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ገጹን አስገልብጠው፣ በወርቅማ ክፈፍ አስገጥመው፣ እንግዳ ሁሉ በሚያልፍበት የቤታቸው መተላለፊያ ሰቀሉት። ሞሪንም የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «ኔቪል፣ አንተ እኮ አልነበርክም! ከገንዳ ጋር ነበርክ!» እርሳቸው ግን አልሰሟትም፤ ክፈፉን በኮታቸው እጅጌ እየወለወሉ ነበር።

እንግዲህ ምስጋና ለኤን ሦስት ቪ ሲ አር ይሁን፤ አዋላጇን በሰዓቷ ላደረሰች፣ ሳንቃዋን ላላሳፈረች፣ አርባ ሽማግሌ በዝናብ ላስጨበጨበች፣ ያለ ክራብትሪ ሁሉን ለፈጸመች። ምስጋና ለክራብትሪም ይሁን፤ ብሎኖቹን አጥብቀው አስረዋልና።