የአሰቦት ሐይቅ ጉማሬዎች

ሪፖርት የሚጻፈው እንዲነበብ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ካጋጠማችሁ አክብሩት፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም። በአገራችን ሪፖርት የሚጻፈው እንዲጠረዝ ነው። ይጠረዛል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ በጡረታ ይኖራል። ወፍራም ከሆነ ጥሩ ጥናት ነው ይባላል፤ ቀጭን ከሆነ አጥኚው ሰነፍ ነው። ይህን የምላችሁ ታዲያ ሥራውን ከሩቅ እያየሁ እንዳይመስላችሁ። የእኔም እንጀራ ሪፖርት ነው።

ጭሮ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ አንዲት ክፍል ቢሮ አለችኝ። በሯ ላይ «የአካባቢና ማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማ» የሚል ታፔላ ሰቅያለሁ። ታፔላው ያሰብኩትን ያህል ደንበኛ ባያመጣም ያላሰብኩትን አምጥቶልኛል። አንድ ቀን ከበደሳ የመጡ ሽማግሌ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ተቀመጡና፣ ባለቤታቸው ዘንድሮ ተፅዕኖዋ ስለበዛባቸው ቤታቸው ድረስ መጥቼ እንድገመግምላቸው ጠየቁኝ። እኔ የምገመግመው አቧራ፣ ድምፅና ፍሳሽ መሆኑን ሳስረዳቸው ትንሽ አሰቡና፣ አቧራው ይቅር፣ ድምፁ እንኳ ይታይልኝ አሉ።

ሥራዬ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ሆቴል ወይም ፋብሪካ ሊሠራ ሲነሣ፣ ግንባታው ውኃውን፣ መሬቱን፣ እንስሳቱንና ሰዉን ምን ያደርጋቸዋል የሚለውን አስቀድሜ አጥንቼ እጽፋለሁ። ነዋሪው ተሰብስቦ አስተያየት ይሰጥበታል፤ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ይኸው ነው። ችግሩ ያለው «አጥንቼ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ደረጀ የመጣልኝ እንዲህ በሥራዬ በምኮራበት ሰሞን ነበር። ደረጀ የጭሮ ልጅ ነው፤ አንድ ክፍል ተምረናል። ያኔ ብይ ሲጫወት እንኳ የሌላውን ልጅ ብይ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን ባለሀብት ሆኗል። ሐሳቡ፣ ከጭሮ ቁልቁል ወርደን በአሰቦት በኩል፣ ከአውራ ጎዳናው ብዙም ሳይርቅ ሆቴልና ትልቅ የቁማር አዳራሽ መሥራት ነበር። በአዳራሹ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ማሽኖችና የሚሽከረከር ጎማ ይኖራሉ። ባጭሩ ካዚኖ ነው። መሬቱ የአንድ ጎሳ የጋራ ግጦሽ ነው። የጎሳው ሰዎች መሬቱን ያቀርባሉ፣ ደረጀ ይገነባል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። የቁማሩ ፈቃድ ገና እንዳልተሰጠው፣ ጥናቱ ግን ከፈቃዱ በፊት ደርሶ መጠበቅ እንዳለበት ነገረኝ። አሥር ቀን ሰጠኝ።

እኔ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነኝ። ወሬ በጭሮ ከባጃጅ ይፈጥናልና፣ በሚቀጥለው እሑድ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጎን ወስደው፣ ለቁማርተኞች ጥናት ትሠራለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ የማጠናው አካባቢን እንጂ ኃጢአትን አይደለም፤ በቅጹም ላይ ለኃጢአት የተተወ ቦታ የለም አልኳቸው። መልሴ በጣም አምሮብኝ ስለነበር ቤቴ እስክገባ ድረስ ለራሴ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

ቦታውን ለማየት የሄድኩት በእኩለ ቀን ነው። የአሰቦትን ሜዳ በእኩለ ቀን የሚያውቅ ይፍረደኝ። ፀሐይዋ ከላይ ብቻ አይደለም የምትመጣው፤ ከመሬቱም ትነሣለች። የደረጀ መኪና ደግሞ ውስጧ እንደ ጭሮ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ተመለከትኩ። ግራር አየሁ፣ ሁለት ግመል አየሁ፣ የሚያስብ የሚመስል አንድ አህያ አየሁ። ማስታወሻዬ ላይ «በአቅራቢያው የውኃ ምንጭ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ውሸት አይደለም። ከመኪና መስኮት አልታየማ!

የቀረውን ቢሮ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከዓመታት በፊት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ሎጅ ያዘጋጀሁት ባለ ሁለት መቶ ገጽ ጥናት ነበረኝ። ያማረ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩን የዚያን ሐይቅ ስም ባገኘህበት ሁሉ «አሰቦት» ብለህ ተካ ብዬ አዘዝኩት። በዓይን ጥቅሻ ተካው። አንዳንድ ቦታ አስተካከልኩ፣ አንዳንድ ቦታ ደከመኝ፤ ስለ ቁማሩ አንድም መስመር አልጨመርኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር እንጂ። ጥናቱ በዘጠነኛው ቀን ተጠረዘ። በሕጉ መሠረት አንድ ቅጂ ለነዋሪው እንዲታይ ወደ ቀበሌው ተላከ። ማን ያነበዋል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። የጎሳው ሽማግሌ ኦቦ አልዪ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መኻል ላይ ነበሩ። ደረጀ አዲስ ኮፍያ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጧል። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ነው።

ግን አንድ ቃል ቸገረኝ። ቁማር በአማርኛም ቁማር ነው፣ በኦሮምኛም ቁማር ነው። መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ «ኢዶ ተጳ» አልኩ፤ የጨዋታ ቦታ ማለት ነው። ትርጉሙ አልተሳሳተም። ወዲያው ወጣቶቹ ፊታቸው በራ። አንዱ ሜዳው መረብ ይኖረዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ደረጀ ኦሮምኛው እንደማይገባው ሰው ጫማውን ያይ ጀመር። እኔም ዝርዝሩ ወደፊት ይታያል ብዬ አለፍኩት። ሌላውን ሁሉ በሚገባ አብራራሁ። በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው ምን እንዳለ የሚጠይቀው የለም፤ የሚታየው አነጋገሩ ነው።

ጨርሼ ልቀመጥ ስል ከሴቶቹ ወገን የቀበሌው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሰዓዳ ተነሣች። በእጇ የእኔን ጥናት ይዛለች። ጠርዙ ተበጣጥሷል፣ ገጾቹ ተጣጥፈዋል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የእኔ ሪፖርት አይቼ አላውቅም። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ፣ እሷ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች፣ ሴቶቹ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው እንዳዳመጡት ተናገረች። ምዕራፍ ሦስት ላይ ውኃ የለም እንደሚል፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ግን ጉማሬ እንደሚዋኝ በትሕትና አስታወሰችኝ። ከዚያ ጥያቄ ያላቸው አዴ ሙሚና ናቸው ብላ ቁጭ አለች።

አዴ ሙሚና ቀጭን፣ ረዥም፣ ወደ ስድሳው የሚጠጉ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ወረቀትህ የአሰቦት ሐይቅ ጉማሬዎች በግንባታው ድምፅ አይረበሹም ይላል» አሉ። «ለጉማሬዎቹ ደስ ብሎናል። እኛ ግን ሐይቁን አጣነው። ባለፈው በጋ ሰባት ከብት ሞቶብኛል፤ የገደላቸው ጥም ነው። አንተ ሐይቁ የት እንዳለ ካወቅህ ያኔ ለምን አልነገርከንም?»

ሰው ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። አንዳንዶቹ መልሱን ከልባቸው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር፤ አንገታቸውን ወደ እኔ አሰገጉ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከብት ለሞተበት ሰው በሰማይ ሐይቅ የሰጠሁ ግን የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ሌላ ጥፋተኛ ይፈልጋል። እኔም ስህተቱ የኮምፒዩተሩ መሆኑን ገለጽኩ። አዴ ሙሚና ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ይምጣልንና እሱን እንጠይቀው አሉ። ያን ጊዜ ቦታውን በቅጡ እንዳላየሁት፣ የሌላ አገር ጥናት እንደገለበጥኩ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ደረጀ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ይቅርታውን አቆየው» አሉ አዴ ሙሚና። «መጀመሪያ ተነስና ተከተለኝ።»

ተከተልኳቸው። ግማሹ ስብሰባ ከኋላችን ነው። የከተማ ጫማዬ በድንጋዩ መኻል እየተንሸራተተ፣ ከመንገዱ የማይታይ ሸለቆ ወረድን። ከታች ከአንድ ዐለት ስንጥቅ ውኃ ይወጣል። ቡርቃ ይሉታል፤ ምንጭ ማለት ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። አንዱ ጀሪካን እስኪሞላ ድረስ ሁለት ሰው ሰላም ተባብሎ፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ተጠያይቆ ይጨርሳል፤ እናንተም የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሰው ይቀዳል፣ ቀትር ላይ ጥጆችና ፍየሎች ይጠጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ላሞች በየተራ። የግመሎቹ ቀን የተለየ ነው። ተራውን የሚያውቁትና የሚያስከብሩት አዴ ሙሚና ናቸው። ይህ ሁሉ እኔ «አልታየም» ካልኩበት ቦታ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የግንባታ ንድፍ አወጣሁ። በቀይ የተከበበ ነጥብ አለበት። ከምንጩ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥቼ በእርምጃዬ ለካሁት፤ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

አዴ ሙሚና ቀዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሆቴሉ ውኃ የሚስብበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው አልኳቸው።

«ከየት ነው የሚስበው?»

«ከመሬት ውስጥ።»

«ይሄስ ከየት የሚመጣ መሰለህ?» አሉና ምንጩን አሳዩኝ።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የከርሰ ምድር ውኃ የሚባል ትምህርት ተፈትኜ በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። እንዲህ አጭር ጥያቄ ግን በፈተናው ላይ አልመጣም። ፈራሁ። የፈራሁት ለስሜ አልነበረም። ጥናቱ ሳይነበብ ጸድቆ ቢሆን፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ጀሪካኖች ደርቀው የሚቀሩት በእኔ ፊርማ ነበር።

የመጣው ይምጣ ብዬ፣ ወደ ግራሩ ስንመለስ ያቺን የሸሸኋትን ቃል በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። የሚሠራው የቁማር ቤት ነው አልኩ። «ተጳ ያልከው ይሄን ነው?» አሉኝ ኦቦ አልዪ። «ወጣቶቹ እኮ ኳስ ሜዳ መስሏቸው እናንተ እስክትመለሱ ድንጋይ ሲለቅሙ ነበር።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ ቢያንስ ቀና ብዬ አያቸው ነበር።

ጎሳው ተሰብስቦ በሦስተኛው ቀን እምቢ አለ። ቁማር ሐራም ነው፤ ሐራም ባይሆን እንኳ ቡርቃውን አንሰጥም አሉ። እኔም ጥናቱን እንደገና ጻፍኩት። ስምንት ቀን በእግሬ ዞርኩ። ሰዓዳ ሰዓት እየያዘች፣ ሴቶቹ ጀሪካን እየደቀኑ፣ የምንጩን ውኃ ጠዋትና ማታ ለካን። አዴ ሙሚና የጻፍኩትን በየቀኑ ያስነብቡኝ ነበር። «ውብ ምንጭ» ያልኩትን አስሰረዙኝ፤ ውበቱን ማን ጠየቀህ፣ ስንት ከብት እንደሚያጠጣ ጻፍ ብለው። ጥናቱ አርባ ገጽ ወጣው። መደምደሚያው ግንባታው በዚህ ቦታ መካሄድ የለበትም የሚል ነበር። ደረጀ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ጥናት አልኩህ እንጂ ምስክርነት አላልኩህም ብሎኝ በሩን ዘግቶ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱም ዕቅዱን ጣለው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቀዘቀዘብኝ። ባለሀብት እርስ በርሱ ይነጋገራል። የራሱን ደንበኛ እምቢ ያለ አጥኚ ተብዬ ስሜ እስከ ሂርና ወረደ።

ዓመት ሊሞላው ሲል እዚያው ሂርና ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። ደረጀ ነው። ስድቡን ለመቀበል ራሴን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ወርዶ ጨበጠኝና ሻይ ጋበዘኝ። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ያለ ምንም ቁማር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ እንዳሰበ ነገረኝ። ጥናቱን አንተ ሥራልኝ አለ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ኅሊናው ወቅሶት ሐቀኛ ሰው ፈልጎ መጣ ብዬ ልቤ ሞቀ፤ ይህንንም ነገርኩት።

«የምን ኅሊና?» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ባንኩ ነው። አጥኚዎች ሁሉ እሺ ብቻ ስለሚሉ አላመናቸውም። ከዚህ በፊት እምቢ ብሎ የሚያውቅ ሰው አምጣ አሉኝ። አገሩን ሁሉ ፈለግሁ፤ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ሥራውን ተቀበልኩ። አሁን በየቀኑ ያንን ኮረብታ በእግሬ እወጣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ስጋት አለኝ፤ እስካሁን እንከን አላገኘሁበትም። አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ይህን ያህል ከታመንኩ፣ ሁለተኛ ብደግመው ምዕራብ ሐረርጌን በሙሉ ገምግም ይሉኝ ነበር።